አቶ ዘገዬ የለቀቁት ወንበር

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 22፣ 1987። ቅበላ።

ዛሬ የቅበላ ግብዣችን ላይ ሰው ሁሉ ለሁለት ወር የሚለየውን ሥጋ በስስት ሲጎርስ፣ አቶ ዘገዬ ብርጭቆ በማንኪያ መታ መታ አድርገው ተነሡና «ዳላስ ልሄድ ነው» አሉ። ወንድማቸው ጋዝ ስቴሽን ከፍቷል፣ አብረው ሊሠሩ ነው። የመረዳጃ ማኅበራችን ምክትል ሊቀመንበር ናቸው፣ የተመረጡበት ዘመን ደግሞ ገና ግማሹ ነው። ሰው ሁሉ «ኧረ ምነው!» አለና እጁን ወደ ክትፎው መለሰ።

እኔም አዘንኩ። ደግ ሰው ናቸው። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በደንባችን አዲስ የሚመጡትን ስደተኞች የሚቀበለው ምክትሉ ነው፣ አቶ ዘገዬ ደግሞ መቀበል ማለት እጅ መጨበጥ ይመስላቸዋል። ፍራሹን የሚለምነው፣ አፓርትመንቱን የሚጠርገው፣ ልጆቹን ክትባት የሚወስደው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ተሰልፎ የሚውለው ማን እንደሆነ እግዜር ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ይህን ለመመጻደቅ አይደለም የጻፍኩት።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ጥላዬ ጫማውን እያወለቀ «እንግዲህ ወንበሩ ተለቀቀ» አለኝ። የምን ወንበር? ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። እኔ ስለ ወንበር አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ጾም ገባ። የምሠራበት የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ውስጥ ዛሬ ሁለት ሰው ቀርቶብን የሦስት ሰው ሥራ ሠራሁ። ወገቤ የለም። ስለ ማኅበር ጉዳይ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

በምሳ ሰዓት ብቻ ትንሽ አሰብኩ። ሊቀመንበሩ አቶ መርዕድ እሑድ ኮሚቴው ይሰበሰባል ብለው ደውለዋል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ሊቀመንበሩ ሰው ያቀርባል፣ ኮሚቴው ይስማማል፣ ጠቅላላ ጉባኤው ያጸድቃል። እንበልና እኔን ቢያቀርቡኝ፣ «ኧረ እኔ አይገባኝም» እላለሁ። ይለምኑኛል። «ተዉኝ እባካችሁ» እላለሁ። እንደገና ይለምኑኛል። ከዚያ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» እላለሁ። የጨዋ ሰው ወግ ይኸው ነው። ቢያቀርቡኝ ነው እንግዲህ። ማን ያቀርበኛል?

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 28

የሐበሻ ቀሚሴን ተኮስኩ። ለስብሰባው አይደለም። መተኮስ ስለነበረበት ነው።

እሑድ፣ ማርች 1

«እናመሰግናለን ወይዘሮ ብዙነሽ።»

እንዲህ ነው ያሉኝ። በቃ፣ ይኸው። ጽፌው ካልወጣልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስብሰባው ዲኬተር ሰፈር፣ የምንከራያት ቤተ ክርስቲያን ባስመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። አቶ መርዕድ አሜሪካ መጥተው ኮሌጅ ሲገቡ የስብሰባ አመራር የሚባል ትምህርት ወስደዋል፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ትንሽ የእንጨት መዶሻ ይዘው ነው የሚመጡት። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ግን መዶሻዋን ሲያነሡ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ጸሎት ተደረሰ። አቶ መርዕድ ተነሡና «ለምክትልነት ወይዘሮ ብዙነሽን አቀርባለሁ» አሉ። ከሁሉ በፊት እኔን! ፊቴ ጋለ። አንገቴን ደፋሁና እንደ ወጉ «ኧረ እኔ! ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው? ከእኔ የተሻሉ ሞልተዋል፣ እኔስ አልፈልግም» አልኩ።

እሳቸውም ጻፉ። ቀና ብለው «እናመሰግናለን ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ፍላጎትዎን እናከብራለን» አሉና መዶሻዋን ጠረጴዛው ላይ ቋ አደረጓት። አለቀ። አንዲት «በሞቴ» የለች፣ አንዲት «አፈር ስሆን» የለች።

ቀጥሎ ጋሼ ገብረሕይወትን አቀረቡ። የሐበሻ ሱቁ ባለቤት፣ የሁላችንም ሽማግሌ። ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉና «እኔማ አርጅቻለሁ፣ ለወጣት ይሁን» አሉ። ቋ። ቀጥሎ ኤልፍነሽን። ኤልፍነሽ ጴንጤ ናት፣ የመዘምራን አለቃ፣ ድምጿ ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላል። ዛሬ በቀስታ «እኔ ምን ችዬ» አለች። ቋ።

አቶ መርዕድ ማኅደራቸውን ዘጉና በእውነት አዝነው «ማንም አይፈልግም ማለት ነው» አሉ። ሌላ መንገድ ይፈለጋል ብለው ስብሰባውን በተኑ።

ኤልፍነሽን በመኪናዬ አደረስኳት። ታከር እስካለው ቤቷ ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ደክሞኝ ነው። እሷ ምን ሆና እንደሆን አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ማርች 3

ኤልፍነሽ ደወለች። ለካ ተቀይማለች! «ሰው እንዴት ትንሽ እንኳ ሳይለምን ያልፋል? እንደ ቆሻሻ ዘለለኝ እኮ» እያለች አንድ ሰዓት ሙሉ ተቆጣች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አልፈልግም ብሎ ተናግሮ፣ አልፈልግም ማለቱን ስለሰሙለት የሚያኮርፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ልቡ ያለበትን አለማወቁ ይገርማል።

ለጥላዬ ነገርኩት። እሱ ግን እሷን ትቶ እኔን እያየ ሳቀ። ምን ያስቀዋል?

ሰኞ፣ ማርች 9

አቶ መርዕድ የጋሼ ገብረሕይወት ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ምክትል ሊቀመንበር ለመሆን የሚፈልግ ራሱ ይደውልልኝ ይላል። ራሱ! ማን አባቱ ነው ስልክ አንሥቶ «እኔ ሹመት እፈልጋለሁ» የሚል? በርበሬ ልገዛ የገባሁ ሰው ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ።

ሐሙስ፣ ማርች 12

ተገኘ። ስልክ አንሥቶ «እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ተገኘ።

አክሊሉ ነው። ኬኔሶ ኮሌጅ የሚማረው፣ ጸጉሩን ያሳደገው ልጅ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ደውሎ «አቶ መርዕድ፣ አይ ዋንት ኢት» አላቸው። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ ሰምቷል። ሥራ ቦታ ሦስት ሰው ደወለልኝ፣ ሱፐርቫይዘሬ ሰው ሞቶብኝ መስሏት ቁጭ በይ አለችኝ። ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ዘመን ላይ ደረስን! እኛ ስናድግ ሰው ውሃ እንኳ ሲሰጡት «ኧረ አልጠማኝም» ይላል። እንዴት ያለ ድፍረት ነው? አፉ እንዴት እሺ አለው? ከንፈሩ አልተንቀጠቀጠም? ምን ብሎ ጀመረ?

ማክሰኞ፣ ማርች 17

ዛሬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ፣ ስለዚህ ብዙ እጽፋለሁ።

ከስደተኞች ቢሮ ሚስ ሊንዳ ደወለችልኝ። አቶ ዘገዬ ዳላስ ገብተዋል፣ ስልካቸው ተቆርጧል። በሚመጣው ወር ከሱዳን አንድ ቤተሰብ ይመጣል፣ አንዲት እናት፣ አማቷና ሦስት ልጆች። ደስ አለኝ፣ እስክሪብቶ አነሣሁ። በየት በረራ? ስማቸው ማን ነው? ስላት እሷም በጣም አዝና፣ ሁሉንም ነገር ለምክትል ሊቀመንበሩ ብቻ እንድትሰጥ ቢሮዋ እንደሚያዛት ነገረችኝ። አዲሱ ሰው ሲመረጥ ይደውልልኝ አለች። አምስት ዓመት ድምፄን ታውቀዋለች። ለገና ካርድ እንላላካለን። እሷን አልወቅሳትም፣ ሥራዋ ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው እንባዬ የመጣው። እኔና ጥላዬ ከካርቱም ስንመጣ ጃንዋሪ ነበር፣ 1981። ሊቀበለን የነበረው ሰው ቀኑን ተሳስቶ ቀረ። ጠዋት ወርደን እስኪመሽ ኤርፖርቱ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ በክፍት ጫማ፣ ለስደተኛ ሁሉ የምትሰጠውን፣ ሰነዳችን ያለባትን ያቺን ነጭ የወረቀት ቦርሳ እንደ ታቦት አቅፈን። ማንን እንደምንጠይቅ አናውቅም። ሰው ባለፈ ቁጥር ጥላዬ ብድግ ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል። በመጨረሻ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሙዝ ሰጠችንና ስልክ ደወለችልን። ያን ቀን በልቤ አንድ ነገር ተናገርኩ፤ እኔ እዚህ ከተማ እያለሁ ማንም ሐበሻ እንዲህ አይቀመጥም አልኩ። እስካሁንም አልተቀመጠም።

አሁን ግን አክሊሉ ከኬኔሶ ተነሥቶ፣ ሃይዌዩ ተዘጋግቶበት፣ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲደርስ ይታየኛል። ሴትየዋ ሦስት ልጅ ይዛ ብድግ ስትል፣ መልሳ ስትቀመጥ ይታየኛል። የሚያሳስበኝ እሱ ነው እንጂ ሹመቱ አይደለም። ሹመት ለምኔ?

እሑድ፣ ማርች 22

አክሊሉ ቤቴ መጣ! ራሱን አስጋብዞ። ልቀጣው ተዘጋጅቼ ነበር፣ ሻዩን እንኳ ቀጠን አድርጌ ነው ያቀረብኩለት።

ቁጭ ብሎ «እትዬ ብዙነሽ፣ ኦነስትሊ፣ እውነቴን ነው፣ እኔ ምንም አላውቅም» አለ። ምክር ፈልጎ ነው። ፍራሽ የት ይለመናል፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ለማስገባት ምን ምን ይጠየቃል፣ አማት ያለችበት ቤት ስንት መኝታ ክፍል ይፈልጋል? እኔም መቆጣቴን ረሳሁና እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁት። ጋራዡን ከፍቼ የሰበሰብኳቸውን ፍራሾች አሳየሁት። ለአዲሶቹ ነው፣ መቼም ሹም ኖረ አልኖረ መተኛታቸው አይቀርም። የጥላዬ መኪና ሁለት ሳምንት ደጅ አድራለች።

ለምን ፈለግኸው ብዬ ጠየቅሁት። እሱም የዛሬ ሦስት ዓመት ሲመጣ የተቀበልኩት እኔ መሆኔን አስታወሰኝ። ሰማያዊ ብርድ ልብስ ሰጥቼዋለሁ፣ አሁንም አልጋው ላይ ነው። ያን ለሌላ ሰው ማድረግ ስለፈለገ ነው። እንግዲህ ይህን ልጅ እንዴት አድርጌ ልጥላው?

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና «እርስዎ ግን አልፈልግም ብለዋል አሉ፣ ቢፈልጉ ኖሮ እኔ አልደውልም ነበር» አለ።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ኧረ ግዴለም፣ ወጣት ይሥራ» አልኩት። አንገቱን አቅፌ ሳምኩት፣ ጥቂት ዳቦ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በሩን ዘግቼ ግንባሬን በመዳፌ መታሁት።

ረቡዕ፣ ማርች 25

የጥዱ አበባ ብናኝ ጀመረ። ከተማው ቢጫ ሆኗል። የጥላዬ ነጭ መኪና ቢጫ ታክሲ መስላ አንድ ሰውዬ እጁን አንሥቶ አስቆማት። ይህን እየነገረኝ እስኪያነጥሰው ሳቀ። ፍራሾቹ መቼ ነው የሚወጡት? አለኝ። ሹሙን ጠይቅ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 28

ዘዴ ፈጠርኩ። ሰው ራሱ ስለ ራሱ ካላወራ፣ ሌላ ሰው ያውራለታ! ሽማግሌ ምን ይሠራል?

ጋሼ ገብረሕይወት ሱቅ ሄድኩ። ምስር እየመረጥኩ፣ እንደ ዋዛ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የምክትልነቱ ነገር ልጅ እጅ ሊገባ ነው» አልኳቸው። አዎን ብለው አዘኑ። እኔም ቀጠልኩ። «መቼም አንዳንድ ሰው አልፈልግም ቢልም ይሉኝታ ይዞት ነው። በሳል ሰው። ሕዝቡ የሚያከብረው። እንደገና ቢጠየቅ እምቢ የማይል። አንድ ሰው ብቻ ለአቶ መርዕድ ጆሮ ቢላቸው…» አልኩና ወደ ምስሩ ተመለስኩ።

ጋሼ ሚዛኑን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረና እጄን ያዙኝ። «ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ። እኔው እነግራቸዋለሁ» አሉኝ።

የምስሩን አላስከፈሉኝም። እየዘፈንኩ ነው የነዳሁት። በጾም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 5

ወይ እኔ። ወይ እኔ ብዙነሽ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አቶ መርዕድ ደስ ብሏቸው «ጋሼ ገብረሕይወት ሐሳባቸውን ቀይረዋል፣ ለምክትልነት ይወዳደራሉ» ብለው አስታወቁ። ጋሼ አጠገባቸው ቆመዋል፣ ከረባት አድርገዋል። በሕዝቡ መሀል እኔን ፈልገው አገኙኝና በምስጋና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ።

ስለ እሳቸው የማወራ መስሏቸዋል! በሳል ሰው፣ የተከበረ ሰው፣ ይሉኝታ የያዘው ሰው… ማን ይመስላቸው ታዲያ? ጋሼ እኮ መኪና አይነዱም። ማታ ማታ ዓይናቸው አያይም። አዲስ ሰው የሚቀበሉት በባቡር ሄደው ነው?

ለጥላዬ ስነግረው ሶፋው ላይ ተንከባለለ። «ምስሩንም በነጻ ወስደሽ!» እያለ። አንጀቴ እየበገነ እኔም ሳቅኩ። ግን ሳቁ ሲያልቅ ቀና ብሎ ተቀመጠና «ብዙዬ፣ ለምን አፍ አውጥተሽ አትነግሪያቸውም?» አለኝ። ምኑን? አልኩት። ተነሥቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ። ጥላዬ ሳህን የሚያጥበው ሲያዝንልኝ ነው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 12። ሆሳዕና።

የጠቅላላ ጉባኤው ቀን ተቆረጠ፦ ኤፕሪል 26፣ ታከር በተከራየነው አዳራሽ። ሚስ ሊንዳም ደውላ ቤተሰቡ የሚመጣው ከጉባኤው በኋላ ማክሰኞ ነው አለችኝ፤ ሰዓቱን ግን ለተመረጠው ሰው ነው የምትነግረው። በሁለት ቀን ውስጥ አዲስ ሹም ምን ያውቃል?

ኤልፍነሽ አልጋ አንሶላ ልታመጣልኝ መጥታ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኗ ሰብስባ ሁለት ትልልቅ ከረጢት። እኔ ጾመኛ መሆኔን አስባ ሽሮም ይዛልኝ መጣች፣ እንዲህ ናት። ጋራዡን አየችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አንቺ ሴት፣ ይህን ሁሉ እየሠራሽ ስሙን ለምን ለሌላ ትሰጫለሽ?» አለችኝ። እኔ ስም አልፈልግም አልኳት። «እኔ ስሙን እንጂ ሥራውን አልፈልግም፣ አንቺ ሁለቱንም ነው የምትፈልጊው» አለችኝ።

አንሶላዎቹን እንጠፍ አልኳት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 19። ፋሲካ።

ክርስቶስ ተነሣ! ዶሮውም ተበላ። ቤታችን ሠላሳ ሰው። ኤልፍነሽና ባሏ ከቤተ ክርስቲያናቸው መጡ፣ ዘንድሮ የእነሱም ፋሲካ ከእኛ ጋር ገጥሟል። አክሊሉ መጥቶ ሦስት እንቁላል በላ። ጋሼ ገብረሕይወት መረቁኝና «አንቺ ባትገፋፊኝ ኖሮ» ብለው ጀመሩ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ብዬ ተጨማሪ ወጥ ጨለፍኩላቸው። ሌላ ምን ላድርግ?

ደስ የሚል ቀን ነበር። ሦስት ጊዜ ብቻ ስለ ማክሰኞው ቤተሰብ አሰብኩ። እሺ፣ ብዙ ጊዜ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 25

መስታወት ፊት ቆሜ «እፈልጋለሁ» አልኩ። አንገቴን ደፋሁ። ጥላዬ ከሳሎን «ምን ፈለግሽ?» አለ። ጨው አልኩት። አመጣልኝ እኮ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 26

ከጉባኤው ተመልሰን ገባን። ቀሚሴን እንኳ ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አቶ መርዕድ መዶሻዋን ይዘው ሁለቱን አስተዋወቁ። መጀመሪያ ጋሼ ገብረሕይወት ንግግር አደረጉ፤ ሕዝቡ ቢያዛቸው እንደሚያገለግሉ፣ ካላዘዛቸውም እንደማይቀየሙ። ከዚያ አክሊሉ፤ ፍራሽ ከየት እንደሚገኝ አሳምሮ ተናገረ። እኔ የነገርኩትን ነው፣ አንድም አልረሳ። ሰው ሲያጨበጭብ ቅናት እንደ ቃር ወጣብኝ። አዎን፣ ቅናት ነው። ሌላ ስም የለውም።

አቶ መርዕድ «ሌላ ጥቆማ ከሌለ ወደ ድምፅ እንሄዳለን» ብለው መዶሻዋን አነሡ። ጥላዬን አየሁት፣ ጫማውን እያየ ነው። ኤልፍነሽን አየኋት፣ ዓይኗን አፍጥጣብኛለች። መዶሻዋ ልትወርድ ስትል እግሬ እኔን ሳያማክር ቆመ።

«ማንን ሊጠቁሙ ነው ወይዘሮ ብዙነሽ?» አሉ።

«ራሴን» አልኩ። «እኔ እፈልገዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ» ስትል ሰማሁ። አቶ መርዕድ ግራ ተጋብተው ቃለ ጉባኤያቸውን ገለጡ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ ሰው አንዴ የተናገረውን ማክበራቸው ነው። «ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ማርች አንድ ቀን ጠይቄዎት አልፈልግም ብለዋል፣ ተመዝግቧል» አሉ።

«አቶ መርዕድ» አልኳቸው፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው እኮ የጠየቁኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው እንባውን እየጠረገ፣ ጎኑን እየያዘ። ኤልፍነሽ በዚያ ድምጿ «እኔንም አንድ ጊዜ ነው!» ብላ ጮኸች። ጋሼ ገብረሕይወት ቀስ ብለው ተነሡ፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉና «ታዲያ ያን ቀን ሱቄ የመጣሽው ለራስሽ ኖሯል?» አሉ። አዎን ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እሳቸው ግን እፎይ ብለው ከረባታቸውን ፈቱት። «ተመስገን! እኔማ አንቺን ደስ ይበልሽ ብዬ ነው የገባሁት» ብለው ራሳቸውን አገለሉ። ከመቀመጣቸው በፊት ወደ አቶ መርዕድ ዞረው፣ እሳቸውን ሊቀመንበር ለማድረግ ስንት ጊዜ እንደለመንናቸው አስታወሷቸው። አራት ጊዜ ነው፣ አንዴ እንዲያውም ቤታቸው ድረስ ሄደን።

አቶ መርዕድ አፈሩ። መዶሻዋን ኪሳቸው ከተቱ። ከመድረኩ ወርደው ፊቴ መጥተው ቆሙና ጎንበስ ብለው እንደገና ጠየቁኝ፣ ይፈልጋሉ ወይ ብለው። ጉድ እኮ ነው፣ አሁንም «ኧረ እኔ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። ዋጥኳት።

«እፈልጋለሁ። ፍራሾቹም ጋራዤ ውስጥ ናቸው።»

ኤልፍነሽም በወጉ ተጠየቀች። ሰው ሁሉ ለመናት፣ በሞቴ አላት፣ ጥላዬ ሳይቀር። ጠግባ ከተለመነች በኋላ «አይ፣ አልፈልግም» ብላ በደስታ ተቀመጠች።

አክሊሉ ግን አልተወም። ተነሥቶ «አይ ሚን፣ እኔም አሁንም እፈልጋለሁ፣ ድምፅ ይሰጥ» አለ። አንዳንዱ አጉረመረመ። እኔ ግን ወደድኩለት። እጅ ወጣ። ለእሱ ወጣቶቹ አወጡ፣ ለእኔ የቀረው አዳራሽ። ሲያልቅ መጥቶ አቀፈኝና የጓደኛውን ትራክ ይዞ ማክሰኞ በስንት ሰዓት ይምጣ ብሎ ጠየቀኝ። አልጋ የሚሸከም ጉልበት እንዳለው አሁን ነው ያየሁት።

ወደ ቤት ስንመጣ ጥላዬ ሲነዳ ሲነዳ ቆየና «ጨው ነው ያልሽኝ ትናንት» አለኝ። ተሳሳቅን። ፈልጌው ነበር። አቶ ዘገዬ ብርጭቆውን ከመቱበት ቀን ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት ፈልጌው ነበር። ይኸው ጻፍኩት፣ መሬት አልተከፈተችም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ፣ ድካም ሊጥለኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት ለሚስ ሊንዳ ደወልኩ። ስሜን ስነግራት ስልኩ ውስጥ እልል ማለት ቀራት። ሰዓቱንም ስሙንም ሰጠችኝ። እናትየዋ አፀደ ትባላለች። አክሊሉና ጥላዬ አልጋውን ገጠሙ፣ ኤልፍነሽ አንሶላ አነጠፈች፣ ጋሼ ገብረሕይወት ሁለት ጆንያ እህል ላኩ።

ኤርፖርት ከአውሮፕላኑ ቀድሜ ደረስኩ። በሩ ተከፍቶ ሰው ሁሉ ወጥቶ አልቆ፣ በመጨረሻ እነሱ ወጡ። አማቷ ከፊት፣ ልጆቹ ቀሚሷን ይዘው፣ አፀደ ያቺን ነጭ የወረቀት ቦርሳ አቅፋ። ቆማ ዙሪያዋን ማየት ስትጀምር ሮጬ ሄድኩ። በአማርኛ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ስላት እጆቿን ዘረጋች፣ ተቃቅፈን መሀል መንገድ ላይ ቆምን።

ልጆቹን ኮት ሳለብስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። እንግዳ ሰው እንዲህ የሚሆንላት ለምን እንደሆነ አልገባትም መሰለኝ።

«ማን ልኮዎት ነው እሜቴ?» አለችኝ።

«ማንም አልላከኝም» አልኳት። «ፈልጌ ነው የመጣሁት።»